ከእንፋሎት ጠብታ እስከ ጥልቅ ጉድጓድ፦ የመጠጥ ውሃ ታሪክ በአዋሽ ሸለቆ የአፋር ከተሞች

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይነሣና 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ ይቀራል። ቆቃን፣ መተሐራን፣ አዋሽ ሰባት ኪሎን፣ ገዋኔን፣ ዱብቲንና አሳይታን እያለፈ ቁልቁል ይወርድና በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን ላይ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ሐይቁ መውጫ የለውም። ውሃው በፀሐይ ሲተን ደለሉና ጨዉ፣ ከላይ እየታጠበ የመጣውም ሁሉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በሸለቆው ግርጌ የሚኖር ሰው የሚቀዳው የወንዝ ውሃ፣ ከላይ ያሉት ጠጥተውለት፣ አጥበውበትና ጥለውበት የወረደውን ነው።

የቆላው ዝናብም አያስመካም። በሰመራና በዱብቲ ሜዳ በዓመት የሚጥለው 200 ሚሊ ሜትር ቢሞላ ነው፤ በሞቃቱ ወራት ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይወጣል። ምድሩ የአፋር ስምጥ ነው። የመሬት ቅርፊት እየሳሳና እየተላቀቀ የሚሄድበት ቦታ በመሆኑ የጋለው ዐለት ሩቅ አይደለም። ይህ ሙቀት የከርሰ ምድሩን ውሃ ያፈላዋል፤ የሞቀ ውሃ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ጨውና ፍሎራይድ አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። ወንዙ ቅርብ ሆኖ የደፈረሰና በጀርም የተበከለ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ጥርት ያለ ቢሆንም በዓይን የማይታይ ነገር ይዟል። በአዋሽ ዳር የተቆረቆሩት ከተሞች የመጠጥ ውሃ ታሪክ ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ላይ መወሰንና የተመረጠውን አጣርቶ ለሰው ማድረስ እንዴት እንደተለመደ የሚናገር ታሪክ ነው።

ከከተሞቹ በፊት አርብቶ አደሩ አፋር ነበረ። ውሃ የሚገኘው በወንዙ ዳር፣ ዝናብ ሲጥል በሚሞሉ ኩሬዎችና በደረቁ የወንዝ አሸዋዎች ውስጥ በእጅ በሚቆፈሩ ጉድጓዶች ነበር። የትኛው ኩሬ እንደሞላ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደደረቀ የሚነገረው በዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው የሚለዋወጡት ይህ ወሬ ስለ ሰላም፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ዝናብና ስለ ውሃ ያለውን ሁሉ በዝርዝር ይይዛል፤ ውሸት የተናገረበት ሰው በጎሣው ፊት ይጠየቅበታል። ውሃ መቅዳት ግን በአብዛኛው የሴቶችና የልጃገረዶች ሥራ ነው። በፍየል ቆዳ ከረጢት ተቀድቶ በሴት ጀርባ፣ በአህያ ወይም በግመል ተጭኖ ይመጣል። በድርቅ ዓመት አንድ ጉዞ ቀን ሙሉ ይፈጅ ነበር፤ ዛሬም ይህ ያልቀረባቸው ቀበሌዎች አሉ።

ወንዝም ጉድጓድም በሌለበት በረሃ ላይ አፋር አንድ ሌላ ዘዴ ፈጥሯል፤ ስሙ ቦይና ነው። ከምድር ስንጥቅ ትኩስ እንፋሎት በሚወጣበት ቦታ ድንጋይ ይከመራል፤ ላዩ በቅጠልና በሣር ይሸፈናል። እንፋሎቱ ክምሩን ሲነካ ይቀዘቅዝና ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታው በጭቃ ወደተለሰነች ጉድጓድ ይወርዳል። የሚገኘው መጠን ለጥቂት ቤተሰብና ለጥቂት ከብት የሚበቃ ነው። ይሁን እንጂ በሳይንሱ ዓይን ሲታይ ይህ የተነጠረ ውሃ ነው፤ ጨዉና ፍሎራይዱ ከምድር በታች ቀርቶ ንጹሑ ብቻ ወደ ላይ ይወጣል። ዛሬ በዓለም ብዙ ገንዘብ ከሚፈሰስባቸው የውሃ ማጣሪያዎች አንዱ የሚሠራበትን መርሕ የአፋር አባቶች በድንጋይና በሣር ሲሠሩበት ኖረዋል። የሸለቆው የውሃ ማጣራት ታሪክ ከዚህ መጀመር አለበት።

በሸለቆው አዲስ ከተማ ያመጣው ባቡር ነው። የጅቡቲው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ ለዓመታት ቆይቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። መስመሩ የአዋሽን ወንዝ የሚሻገረው ጥልቅ ገደል በሆነበት ቦታ ላይ ሲሆን፣ በዚያ ጣቢያ ዙሪያ አዋሽ ወይም አዋሽ ሰባት ኪሎ የምትባለው ከተማ ተቆረቆረች። በዚያ ዘመን ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይጓዝ፣ በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር። በእንፋሎት የሚሠራ ሞተር ደግሞ ከሰው ይልቅ ውሃ ይጠጣል፤ በየተወሰነ ርቀት ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በመስመሩ ላይ ለሞተሩ ውሃ ማግኘት ዋና ጉዳይ ነበር፤ ጣቢያ የሚቆመውና ሰው የሚሰፍረውም ይህንኑ እየተከተለ ነው። በአዋሽ ከተማ ወንዙ ከታች በገደሉ ውስጥ ሲፈስ እየታየ ከተማው ከላይ ሜዳ ላይ መሆኑ አስቸጋሪ ነበር፤ የሚታይ ውሃ ሁሉ የሚቀዳ ውሃ አይደለም።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም የመጠጥ ውሃ አያያዝ እየተለወጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 ሐኪሙ ጆን ስኖው በለንደን የኮሌራ ወረርሽኝ ከአንድ የጎዳና የውሃ ማውጫ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1908 ደግሞ የአሜሪካዋ ጀርሲ ሲቲ ለከተማ ሕዝብ የሚሰጠውን ውሃ ያለማቋረጥ በክሎሪን ማከም ጀመረች። በኢትዮጵያ በቧንቧ ውሃ ማምጣት የተጀመረው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1894 ከእንጦጦ ወደ አጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ ተሳበ። ከዚያ ጥቅም ግን የቆላው ሕዝብ ለረጅም ጊዜ አልደረሰውም።

አዋሽ ጣቢያ ለሸለቆው ውስጥ መነሻ በር ሆነች። በ1920 ዓ.ም. ነስቢት የተባለው የማዕድን መሐንዲስ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከአዋሽ ተነሥቶ የደናክልን በረሃ ወደ ሰሜን አቋረጠ። በ1926 ዓ.ም. ደግሞ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ከዚሁ ጣቢያ ተነሥቶ ወንዙን እየተከተለ በታችኛው አዋሽ ወደነበረው የአፋር የአውሳ ሱልጣኔት ገባ፤ ሱልጣን መሐመድ ያዮ እንዲያልፍ ስለፈቀዱለት አዋሽ በአቤ ሐይቅ እንደሚያልቅ በዓይኑ አይቶ ለውጭው ዓለም አስታወቀ። ለአፋር ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። በሸለቆው የተጓዙ ሁሉ ጉዞውን የሚያቅዱት ውሃ ከሚገኝበት ወደ ውሃ ሲሆን፣ የትኛው የሚጠጣ፣ የትኛው መራራ እንደሆነ የሚያውቁት የአካባቢው መሪዎች ነበሩ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአሰብ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ተሠራ። ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተሻሻለ ሲሄድ፣ በኋላም ከአዋሽ ወደ ሚሌ የሚመጣው አውራ ጎዳና ሲከፈት፣ ሚሌና ሎጊያ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያርፉባቸው ቦታዎች ሆኑ። ምግብ ቤት፣ ማደሪያ፣ ጎሚስታ ሲከፈት ውሃ በሰው ሸክምና በአህያ ይቀርብ ጀመር። አዋሽ ያልደረሰባት ሎጊያ የምትጠብቀው በዝናብ ጊዜ የሚወርደውን የሎጊያን ወንዝና ሰዎች የሚቆፍሩትን ጉድጓድ ነበር።

ሸለቆውን ከሥር የለወጠው ግን የ1940ዎቹ መጨረሻና የ1950ዎቹ የልማት ሥራ ነው። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ወንጂ ላይ የአገሪቱን የመጀመሪያ የስኳር ፋብሪካ ከፈተ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ፤ ግድቡ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ በመልካ ወረር የምርምር ጣቢያ፣ በአሚባራ መስኖ፣ በዱብቲና በተንዳሆ በእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ የሚመራ የጥጥ እርሻ፣ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ተከታተሉ። ለጥጥ ለቀማና ለሸንኮራ ቆረጣ ከደጋው በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሠራተኛ ወረደ። ለእርሻው ውሃ በቦይ ተሰናድቶ ነበር፤ በየካምፑ ላለው ሠራተኛ የመጠጥ ውሃ ግን እንዲሁ አልተሰናዳም፤ ብዙው ከዚያው ከመስኖ ቦይ ቀድቶ ይጠጣ ነበር። የዚያ ዘመን ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፤ ጥጡ ከለቃሚው ቀድሞ ውሃ አገኘ።

በሽታውም ተከተለ። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ የሽንት ፊኛ ቢልሃርዚያ፣ በወንጂና በመተሐራ ደግሞ የአንጀት ቢልሃርዚያ በሰፊው ተገኘ። ቢልሃርዚያ የሚገባው በመጠጥ ሳይሆን ሰው በቦዩ ሲገባ በቆዳው በኩል ነው፤ ስለዚህ ውሃ ለመቅዳት በቦዩ ለሚገባ ሰው ቤቱ አጠገብ ቦኖ መኖሩ አደጋውን ይቀንስለታል። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ሰባተኛው የዓለም የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ኮሌራ የሚተላለፈው በዓይነ ምድር በተበከለ ውሃና ምግብ ሲሆን፣ ክሎሪን የገባበት ውሃ ጀርሙን ይገድለዋል።

ከመሬት በታች ያለው ችግር የተገለጠውም በዚሁ ጊዜ ነው። በወንጂ ሠራተኞች ጥርስ ቡናማ ሆኖ ሲታይ፣ በዕድሜ ከገፉት አንዳንዶቹ ጀርባቸውን ማጠፍና ማቃናት ሲሳናቸው ምክንያቱ ሲጠና የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ መሆኑ ታወቀ። የፋብሪካው ጉድጓዶች ውሃ በአጥንት ከሰል፣ ኋላም በአሉሚና ማጣራት ተጀመረ። ከዓመታት በኋላ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ውሃዎች ውስጥ ፍሎራይድ እንዴት እንደተሰራጨ፣ ስምጥ ሸለቆውም ከሁሉ የባሰ መሆኑን አሳዩ። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆው ካሉ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ከዚህ በላይ ናቸው። ፍሎራይድ ሽታም ጣዕምም ቀለምም የለውም፤ ውሃ ማፍላትም አያስወግደውም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ያጠነክረዋል። የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው።

በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ሌላ ማስጠንቀቂያ ሆነ። በ1950ዎቹ ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ይሸፍን የነበረው ይህ ጨዋማ ሐይቅ ከአሥራ አምስት እጥፍ በላይ እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን አጥለቀለቀ። ለመስፋቱ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ከመስኖ እርሻው የሚሰርገው ውሃ ነው። ጨውና ፍሎራይድ የበዛበት ይህ ውሃ በቁጥጥር እየተለካ ወደ አዋሽ እንዲለቀቅ ሲደረግ፣ ከታች የሚኖሩት ከተሞች ወንዛቸው ላይ ሌላ ሸክም ተጨመረላቸው።

ከ1965 እስከ 1966 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ በአፋር ከብቱን ጨረሰ፤ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ወደ መንገድ ዳርና ወደ እርሻ ካምፖች ተጠጋ። የድርቁ ጊዜ ግጦሽ የነበረው የወንዝ ዳር መሬት በእርሻ ተይዞ ስለነበር ወደ አዋሽ መውረድ እንደ ቀድሞው አልሆነም። በደርግ ጊዜ በ1973 ዓ.ም. የውሃ አቅርቦትና ፍሳሽ ባለሥልጣን ተቋቋመና ለገጠርና ለትናንሽ ከተሞች ውሃ የማቅረብ ሥራ በአንድ መሥሪያ ቤት ተያዘ። ጥልቅ ጉድጓድ ማሽን፣ የናፍጣ ሞተር፣ ቦኖ ወደ መንደሩ መግባት የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነው። ሞተሩ ሲበላሽ የሚጠግነው ከአዲስ አበባ የሚላክ ባለሙያ ስለነበር ግን ብዙ ቦኖዎች ለወራት ይደርቁ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት አፋር ክልል ሆነ፤ ውሃም በአብዛኛው የክልሉ ኃላፊነት ሆነ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት ፖሊሲ ሁለት ነገሮችን አስቀመጠ፦ ለሰውና ለከብት የሚያስፈልግ ውሃ ከሌላው ጥቅም ሁሉ ይቀድማል፤ ከተሞችም የውሃ አገልግሎታቸውን ከተጠቃሚው በሚሰበስቡት ክፍያ ራሳቸው ይመራሉ። የመጀመሪያው ለአርብቶ አደሩ ጠቃሚ ነበር። ሁለተኛው ግን ለትንሽ ቆላ ከተማ ከባድ ሆነ፤ የናፍጣ፣ የመለዋወጫና የክሎሪን ዋጋ ለሁሉም አንድ ሲሆን ገቢው ግን በጥቂት ሺሕ ደንበኞች ላይ የተመሠረተ ነው።

በዚያው ጊዜ አዲስ ዋና ከተማ ከባዶ ሜዳ ተነሣ። የክልሉ መቀመጫ አሳይታ ከጅቡቲው አውራ ጎዳና ወጣ ያለችና የአዋሽ ጎርፍ የሚደርስባት ስለነበረች፣ ከሎጊያ አጠገብ መንገዱ ላይ ሰመራ ተቆረቆረች። ግንባታው ለዓመታት ከቀጠለ በኋላ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ተዛወሩ፤ በ2000 ዓ.ም. ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ተዘግቶ የአገሪቱ አብዛኛው ጭነት በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ስለዞረ የሎጊያ ሌሊት በከባድ መኪኖች ተሞላ። በአንድ በኩል ቢሮ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የአየር ማረፊያ፣ በሌላ በኩል ሆቴል፣ ጋራዥ፣ የሾፌሮች ማረፊያ ውሃ ፈለጉ። ከወንዝ ይልቅ የተመረጠው የከርሰ ምድር ውሃ ነበር፤ ምክንያቱም ደፍራሽ ወንዝ ለማጣራት ኬሚካል፣ ገንዳና ሁልጊዜ የሚከታተል ባለሙያ ይፈልጋል፤ ጉድጓድ ግን ከተሳካ ደለልና ጀርም የሌለበት ውሃ ይሰጣል።

ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት የዐለቱን አቀማመጥና የኤሌክትሪክ ጠባይ በመሣሪያ የሚለኩ ባለሙያዎች ቦታውን ይመርጣሉ። ማሽኑ በመቶ የሚቆጠሩ ሜትሮች ሲወርድ በየጥቂት ሜትሩ የሚወጣው ዐለት እየታየ ይመዘገባል። ውሃ የሚሰጠው ዐለት ሲደረስበት ቀዳዳ ያለው ብረት ይገባል፤ ዙሪያው በጠጠር ይሞላል፤ ላይኛው ክፍል ግን የጎርፍ ውሃ እንዳይሰርግበት በሲሚንቶ ይደፈናል። ይህ ሲሚንቶ ከተዘለለ ጥልቁ ጉድጓድ የላይኛውን ቆሻሻ ወደ ታች የሚያወርድ ቧንቧ ይሆናል። ከዚያ ለአንድ፣ ለሁለት፣ አንዳንዴም ለሦስት ቀን ያለማቋረጥ ይሳብና ውሃው በምን ያህል እንደሚወርድ፣ ሲቆም በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ይለካል። ጉድጓዱ በሰከንድ ስንት ሊትር ሊሰጥ እንደሚችል የሚወሰነው በዚህ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚስብ ሞተር የገጠመ መሥሪያ ቤት ጉድጓዱን ራሱ ይገድላል።

በታችኛው አዋሽ ግን ፈተናው ከዚህ በኋላ ይብሳል። የዱብቲ ሜዳ በተንዳሆ የእንፋሎት ኃይል ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጉድጓድ የተቆፈረበት አካባቢ ነው፤ ለኤሌክትሪክ ተስፋ የሆነው ሙቀት ለውሃ መሥሪያ ቤት ችግር ነው። ከጉድጓድ ሞቅ ብሎ የሚወጣ ውሃ የኤሌክትሪክ ሞተሩን ያሠቃያል፤ የፕላስቲክ ቧንቧን ያለሰልሳል፤ የተሟሟው ኖራ በቧንቧውና በቆጣሪው ውስጥ እየተጋገረ ያጠብበዋል። ጨዋማነቱና ፍሎራይዱ ከወሰን ካለፈ ወይ ሌላ ጉድጓድ መፈለግ፣ ወይ ከጥሩው ጉድጓድ ጋር መቀላቀል፣ ወይ ማጣራት ግድ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱም ሳይደረግ ሰው እንዲጠጣው መልቀቅ ጉዳቱን ለልጆቹ ማስተላለፍ ነው፤ የሕፃን ጥርስ ከወጣ በኋላ ሊመለስ አይችልምና።

ውሃው ከጉድጓድ ወጥቶ ከፍ ባለ ቦታ ወደተሠራ ማጠራቀሚያ ይገፋል፤ ከዚያ በራሱ ክብደት ወደ ከተማው ይወርዳል። በማጠራቀሚያው ላይ የክሎሪን ሙሙት በጠብታ ይጨመራል። ከጉድጓድ የወጣ ንጹሕ ውሃ ለምን ክሎሪን እንደሚፈልግ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። መልሱ ቧንቧው ውስጥ ነው። ክሎሪኑ ጀርሙን ከገደለ በኋላ ትንሽ ተርፎ ከውሃው ጋር እስከ ቤቱ መድረስ አለበት፤ በቧንቧው ጫፍ ላይ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ያህል መገኘት ይኖርበታል። በሰመራ ሙቀት ግን ክሎሪን ቶሎ ይጠፋል። በፀሐይ በጋለ ብረት ታንከርና ከመሬት በጥልቀት ባልተቀበረ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ ጠዋት የገባበትን ክሎሪን ከሰዓት በኋላ ላይይዘው ይችላል። ስለዚህ በቆላ ከተማ ክሎሪን በየጊዜው መለካት ከደጋ ከተማ ይልቅ ያስፈልጋል።

ዋናው አደጋ ውሃ ሲቋረጥ ነው። መብራት ሲጠፋና ጀነሬተሩ ናፍጣ ሲያጣ፣ ወይም ውሃ በፈረቃ ሲሰጥ ቧንቧው ባዶ ይሆናል። ባዶ ቧንቧ በተሰነጠቀበት ቦታ ከውጭ ያለውን የቆሸሸ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ውሃው ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚደርሰው ያ ነው። ቧንቧ ሲቋረጥ ሰው በጀሪካን ያከማቻል፣ ከጋሪ ውሃ ይገዛል፣ ከቦቴ ይቀዳል፤ በየእጁ ሲዞር የተበከለ ውሃ ከመጀመሪያው ንጹሕ ቢሆንም ለውጥ የለውም። ውሃን በቤት ለማከም የሚሸጠው ውሃ አጋር የተባለው የክሎሪን ጠርሙስ በዚህ ምክንያት በየሱቁ ተለመደ።

እንዲሁም መንግሥት ለከተማ ሰው የሚያስፈልገውን መጠን በየጊዜው ከፍ አድርጓል። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለከተማ ነዋሪ በቀን 20 ሊትር በ500 ሜትር ውስጥ ነበር፤ በሁለተኛው ዕቅድ ከተሞች በደረጃ ተከፍለው ከ40 እስከ 100 ሊትር ሆነ፤ ለገጠሩ ደግሞ 25 ሊትር በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ተባለ። የመጠጥ ውሃ ደረጃውም በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድን ወሰን ያደርጋል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው ዋን ዋሽ ብሔራዊ ፕሮግራም የውሃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ዕቅድ እንዲሠሩ አስማማቸው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን እነዚህን ደረጃዎች በተደጋጋሚ የፈተነ ነው። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኖ ያስከተለው ድርቅ አፋርን ክፉኛ መታ፤ ውሃ በቦቴ መጓጓዝ ግድ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ኮሌራ አፋርን ጨምሮ በበርካታ ክልሎች ታየ። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አዋሽ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ አሚባራን፣ ዱብቲንና አሳይታን አጥለቀለቀ፤ ጎርፉ የሄደበት መንደር ሁሉ ውሃ እያየ የሚጠጣው አጣ፤ ጉድጓድና መጸዳጃው በአንድ ጎርፍ ተዋጠ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት አፋር ሲገባ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ፤ ብዙዎቹ ወደ ሰመራ፣ ሎጊያና ወደ ሌሎች ከተሞች ተጠጉ። በዓለም አቀፍ መስፈርት በመጠለያ ያለ ሰው በትንሹ በቀን 15 ሊትር ሊያገኝ ይገባል፤ ለተወሰነ ሕዝብ የተቆፈረ ጉድጓድ ግን በአንድ ሌሊት ለተጨመረ ሕዝብ እንዲበቃ አልተሠራም። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ ምድር መንቀጥቀጥ ተደጋገመ፤ በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ከደረሱት አንዱ በመጠን 5.7 ያህል ነበር። ከአዋሽ ፈንታሌ ወረዳና ከአጎራባቾቹ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ እንዲወጣ ተደርጓል፤ ለተፈናቀሉትም ውሃ የሚደርሳቸው በቦቴና በጊዜያዊ ታንከር ሆነ። በአቅራቢያው የሚገኘው የከሰም ግድብ ሁኔታም ትልቅ ሥጋት ሆኖ ሰነበተ።

ከወንዙ የሚቀዱ ከተሞች ደግሞ ከላይኛው ተፋሰስ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ አለባቸው። ከአዲስ አበባ የሚወርደው የአቃቂ ወንዝ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ይዞ በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይገባል፤ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎችም ድርሻ አላቸው። ቆቃ ሐይቅ መርዝ የሚያመነጭ አልጌ እንደሚበዛበት ጥናቶች አሳይተዋል። አዋሽን የሚጠቀም ከተማ ውሃውን በገንዳ አስቀምጦ አሉም ይጨምራል፤ አሉሙ ደለሉን አጠራቅሞ ያዘቅጠዋል፤ ከዚያ በአሸዋ ያጣራል፣ በመጨረሻም በክሎሪን ያክማል። ይህ ደለልንና ጀርምን ያስወግዳል። ከባድ ብረታ ብረትንና የአልጌ መርዝን ለማስወገድ ግን በቂ አይደለም፤ ያ የሚቀነሰው ከምንጩ ነው። የተፋሰሱን ሥራ የሚያስተባብረው የአዋሽ ተፋሰስ ባለሥልጣን በተፋሰሶች አዋጅ ቁጥር 534/1999 መሠረት ተመሥርቶ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ወደ ተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ተጠቃለለ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሥራው ወደ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ገባ። በሦስት መዋቅር ያለፈ ሥራ የተለቀቀ ፍሳሽን በየቀኑ መከታተል የሚችል የላቦራቶሪና የሰው አቅም ለማደራጀት ጊዜ ያጣል፤ ይህንን ክፍተት የሚሸከመው ደግሞ ወንዙ በመጨረሻ የሚደርስበት ሰው ነው።

አሁን በሸለቆው ከተሞች የሚሠራው ውሃ ሥራ እንዲህ የተከማቸ ታሪክ ያለው ነው። የጉድጓዱ ባለሙያ የውሃውን ከፍታ ይለካል፤ የማጠራቀሚያው ሠራተኛ ክሎሪን ያዘጋጃል፤ ጥገና ክፍሉ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ይጠግናል፤ ቆጣሪ አንባቢው ክፍያውን ያስመዘግባል፤ የጤና ባለሙያው ከቦኖው ናሙና ወስዶ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ የዓይነ ምድር ጀርም አንድም አለመኖሩን ይፈትሻል፤ የክልሉ ላቦራቶሪ ደግሞ ጨውና ፍሎራይዱን ይለካል። ከእነዚህ አንዱ ሲቋረጥ ሌሎቹ ብቻቸውን ውሃውን ንጹሕ ሊያደርጉት አይችሉም።